በፊልሙ ውስጥ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ማን ነው?

ባለፈው እትማችን «በአሜሪካ ፊልም ከምታዩት ኑሮ ማመን ያቃታችሁን ጻፉልን» ብለን ጠይቀን ነበር። ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠን እነሆ መልስ ሰጥተናል። የአምዱ አዘጋጅ ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ በቨርጂኒያ ግዛት አሌክሳንድሪያ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት የኖረና ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በዋሽንግተን አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሠራ ነው። የጠያቂዎቹን ስም በፍላጎታቸው ትተነዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ፤ በፋብሪካ ውስጥ በማሽን ጥገና እሠራለሁ። የአጎቴ ልጅ ከሰባት ዓመት በፊት ዲቪ ደርሶት ቨርጂኒያ ገብቷል። ባለፈው ክረምት የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ነፋስ ስለነቀለው እንዲያግዘኝ ብጠይቀው «ወንድሜ፣ እኔም ከሦስት ሰው ጋር ተዳብዬ ነው የምኖረው፤ ትንሽ ታገሠኝ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኩትም። በየማታው በዲሽ በምናያቸው ፊልሞች ቡና ቤት ውስጥ የምታስተናግድ ልጅ እንኳ ሰፊ ሳሎንና ግድግዳ የሚያህል መስኮት ያለው ቤት አላት፤ ሥራ ላይም ብዙ አትታይም። የሚዋሸኝ የአጎቴ ልጅ ነው ወይስ ፊልሙ?

መልስ፦ የአጎትዎን ልጅ ስለማላውቀው ልምልለት አልችልም፤ ፊልሙ ግን ዋሽቶዎታል።

ከቤቱ እንጀምር። እርስዎ የሚያዩት ሳሎን ቤት አይደለም። በስቱዲዮ አዳራሽ ውስጥ በሦስት ግድግዳ ብቻ የቆመ፣ በአራተኛው ግድግዳ ቦታ ካሜራዎች፣ ብዙ ጊዜም ተቀምጠው የሚስቁ ተመልካቾች ያሉበት መድረክ ነው። እንዲህ ያሉ አስቂኝ ተከታታዮች በሦስትና በአራት ካሜራ በአንድ ጊዜ ስለሚቀረጹ ተዋንያኑ እርስ በርስ ሳይጋረዱ ወዲያ ወዲህ የሚሉበት ስፋት የግድ ያስፈልጋል። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ በመቀመጥ ፋንታ መሀል ወለል ላይ የሚገተረው፣ ሰው ሁሉ ለእራት ሲቀርብም የጠረጴዛው አንድ ጎን ባዶ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዛሬ ማታ ልብ ብለው ይዩት። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 የታየው «ፍሬንድስ» የተባለ አስቂኝ ተከታታይ ታሪኩ በኒው ዮርክ የሚካሄድ ቢሆንም የተቀረጸው ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ በሚገኝ ስቱዲዮ ነው። እንደዚያ ያለ ሰፊ ቤት በማንሃተን ለአንዲት ወጣት ምግብ አብሳይ እንደማይታሰብ ጸሐፊዎቹም ስለሚያውቁ፣ ቤቱ ከአያቷ የቆየ፣ ኪራዩም በሕግ የተገደበ ነው የሚል ማብራሪያ አስገብተውበታል። እነሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግረው አለፉ፤ እኛ ዐረፍተ ነገሩን ረስተን ቤቱን ያዝን።

እኔ የገባሁበት ቤት እንዲህ ነበር። በአሜሪካ ያለ ሐበሻ ሁሉ «ቤዝመንት» የሚለው፣ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ነው፤ ለአራት ተከራየነው። ሁለታችን የቀን፣ ሁለቱ የሌሊት ሺፍት ስለነበርን አራታችንም ነቅተን የምንገናኘው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነበር። መስኮቷ የሞሰብ ክዳን የምታህል፣ ከውጭው ሣር እኩል የሆነች ናት፤ በእሷ በኩል የሚታየው የሰው ፊት ሳይሆን ጫማ ነው። ጥግ ላይ የቤቱ ማሞቂያ ማሽን ቆሟል፤ ሌሊት ሲነሣ ጭነት ይዞ የሐረጎን ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ ኤንትሬ ያጓራል። ልብሳችንን የምናጥበው መንገዱን ተሻግሮ በሚገኝ፣ በሳንቲም በሚሠራ ማጠቢያ ቤት ስለነበር ከባለመኪኖች በጉርሻ የምናገኛትን ኳርተር፣ ማለትም የሃያ አምስት ሳንቲም ፍራንክ ሁሉ በዱቄት ወተት ጣሳ እናጠራቅማለን። ጣሳዋ ከተጓደለች የዚያ ሳምንት ልብስ ሳይታጠብ ያድራል። ይህን የሚያሳይ ተከታታይ ፊልም እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ምናልባት የሚያስቅ ስላልመሰላቸው ይሆናል፤ እኛ ግን ብዙ ስቀንበታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ፤ ሒሳብ ደግሞ ፊልም ከምንም በላይ የሚሸሸው ነገር ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ብዙ ግዛቶችና ከተሞች ከዚህ የላቀ ወስነዋል። የአጎትዎ ልጅ በሰዓት 15 ዶላር ያገኛል እንበል። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ 600 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚውለው 7.65 በመቶ፣ ማለትም 45 ዶላር ከ90 ሳንቲም፣ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል፤ የፌዴራሉና የግዛቱ የገቢ ግብር ገና አልተነሣም። ከዚያ ኪራይ አለ፣ ስልክ አለ፣ መኪና አለ። መኪናው ደግሞ ጌጥ እንዳይመስልዎ። ከጥቂት ትልልቅ ከተሞች በስተቀር ያለ መኪና ሥራ መድረስ ስለማይቻል መኪና እዚያ እንደ ጫማ ነው፤ ነገር ግን ኢንሹራንስ የሚከፈልበት ጫማ ነው። በፊልም ያይዋት የቡና ቤት አስተናጋጅማ ከእሱም የባሰች ናት፤ በጉርሻ ለሚተዳደሩ ሠራተኞች የፌዴራሉ ሕግ አሠሪውን የሚያስገድደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም እንዲከፍል ብቻ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ አልተነቃነቀም። ጉርሻው ተደምሮ 7.25 ካልሞላ አሠሪው ልዩነቱን ማሟላት ይገባዋል። እንዲህ ያለች ልጅ ለዚያ መስኮት መጋረጃ መግዣ እንኳ ከየት ታመጣለች?

እርስዎ የፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያውን ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ አለው፤ የወለደች እናትም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከነደመወዟ ታርፋለች። በአሜሪካ የግል ድርጅቶችን የዓመት ፈቃድ በክፍያ እንዲሰጡ የሚያስገድድ አገር አቀፍ ሕግ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግም የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ ያውም ሁሉንም ሠራተኛ አያካትትም። አንዳንድ ግዛቶችና ብዙ ድርጅቶች በራሳቸው ከዚህ የተሻለ ያደርጋሉ። ነገር ግን በፊልም ውስጥ በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቡና ቤት ተሰብስበው የሚጫወቱትን ወጣቶች ሳይ፣ ማን አስፈቅዷቸው እንደወጡ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

አገሩ ድሃ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 የመካከለኛው ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ 80,610 ዶላር ነበር፤ ከቤተሰቡም ከመቶ 65 ያህሉ የሚኖረው በራሱ ቤት ነው፤ ብዙዎቹ ግን ዋጋውን ለባንክ በሠላሳ ዓመት የሚከፍሉት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በአንድ ሌሊት በተደረገ ቆጠራ 771,480 ሰው መጠለያ አልባ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱም ያው አንድ አገር ነው።

አንድ ኑዛዜ ደግሞ አለብኝ። ውሸቱን ፊልም ብቻውን አልሠራውም። በመኪና ማቆሚያው ስሠራ አንድ ቀን ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ የደንበኛ መኪና ላይ ተደግፌ ፎቶ ተነሥቼ ለእናቴ ላክሁ። የእኔ ነው አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም። ፎቶው ደሴ ቤታችን ውስጥ ከአባቴ ፎቶ ጎን ተሰቅሎ ስምንት ዓመት ቆየ፤ በዚያ ስምንት ዓመት ውስጥ «ትንሽ ታገሡኝ» ባልኩ ቁጥር ዘመድ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ያንን መኪና ነበር። የአጎትዎ ልጅ «ተዳብዬ ነው የምኖረው» ብሎ ደፍሮ ከነገረዎ እኔ ያልደፈርኩትን ደፍሯል። ስንት እንደሚያገኝ ሳይሆን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራና ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚተርፈው ይጠይቁት። ቆርቆሮውንም ምናልባት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ጊዜ ይልክልዎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ደሴ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። በቅርቡ ልቡ ቆሞ የመጣ አንድ አባት ደረቱን እየተጫንን ብዙ ደክመን አልተረፈልንም። ወንድ ልጁ እያለቀሰ «በፊልም እንደሚያደርጉት በኤሌክትሪክ ለምን አላስነሣችሁትም?» አለን። የመከታተያው መስመር ቀጥ ብሎ ነበር። ሰው ይህን ያህል ፊልም የሚያምነው ለምንድን ነው? ደግሞስ በዚያ አገር ፊልም ሕመምተኛ ሒሳብ ሲከፍል የማይታየው ሕክምና ነፃ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ መስመሩ ቀጥ ካለ ልብ ምንም የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የላትም ማለት ስለሆነ ዲፊብሪሌተር የሚባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ አያስነሣትም፤ መሣሪያው የሚጠቅመው ልብ ሥርዓት አጥታ ስትርገበገብ ነው። ፊልም ግን ቀጥ ያለ መስመርን ይወዳል፤ ምክንያቱም ከቤቱ የተቀመጠ ተመልካች ያለ አስረጂ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሦስት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን ተከታትሎ፣ ልባቸው ቆሞ ደረታቸውን ከተጫኗቸው ሕመምተኞች ሦስት አራተኛው ለጊዜው ሲተርፉ እንደሚታይ አሳይቷል። በእውነተኛው አሜሪካ ከሆስፒታል ውጭ ልቡ የሚቆም ሰው በሕይወት ተርፎ ከሆስፒታል የሚወጣው ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ያ ልጅ አባቱን ሲያጣ በልቡ የያዘው ያንን የፊልሙን ሦስት አራተኛ ነው። እርስዎን መክሰሱ ስላልሆነ ይቅር ይበሉት።

ወደ ክፍያው ስንመጣ ነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ሆስፒታሎች በድንገተኛ የመጣን ሰው፣ ገንዘብ ይኑረውም አይኑረው፣ መርምረው እንዲያረጋጉት ያስገድዳል፤ ፊልሙ የሚያሳየን እስከዚህ ያለውን ነው። የሒሳብ መጠየቂያው የሚመጣው በኋላ፣ በፖስታ ነው። ከእኛ ጋር በቤዝመንቱ የሚኖር አንድ የሐይቅ ከተማ ልጅ ሥራ ቦታ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በአምቡላንስ ወሰዱት፤ ስኳሩ ወርዶ ኖሮ አመሻሽ ላይ በእግሩ ተመለሰ። ከዚያ ፖስታዎቹ መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ ከአምቡላንሱ፣ አንዱ ከሆስፒታሉ፣ ሌላው ለብቻው ከሐኪሙ። ለአምቡላንሱ ብቻ ከሺህ ዶላር በላይ ተጠየቀ። ኢንሹራንስ አልነበረውም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር ሲከፍል እኔ ራሴ አይቻለሁ። ብዙው አሜሪካዊ ኢንሹራንስ የሚያገኘው በመሥሪያ ቤቱ በኩል ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑና ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋሙ የመንግሥት ፕሮግራሞች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ምንም ኢንሹራንስ ያልነበረው ግን 26 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበር።

ጥያቄ፦ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ደሴ። በአሜሪካ ፊልም ተማሪዎቹ ሁሉ ጺም ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ይመስላሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ አስተማሪው ንግግሩን ሳይጨርስ ደወል ይደወላል። እውነት እንዲህ ነው?

መልስ፦ ጺሙ የተዋናዩ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተዋንያን በቀን የሚሠሩበት ሰዓት በሕግ የተገደበ ስለሆነና በዚያ መሀል መማርም ስላለባቸው፣ አዘጋጆቹ የሃያ አምስት ዓመት ሰው አምጥተው የአሥራ ስድስት ዓመት ያደርጉታል። መስተዋት ፊት ቆመህ «እኔ ለምን እንደነሱ አልሆንኩም?» ብለህ ከሆነ መልሱ ይኸው ነው። በአብዛኛው ግዛት መንጃ ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ስለሚሰጥ የሚነዱ ተማሪዎች በእርግጥ አሉ፤ በቢጫው አውቶቡስ የሚሄዱም ብዙ ናቸው። ያ ቢጫ አውቶቡስ የፊልም ፈጠራ አይደለም፤ ቀለሙ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ በተደረገ ስብሰባ የተወሰነ ነው። ደወሉ ግን ለአስተማሪው ሳይሆን ትዕይንቱን መጨረስ ለቸገረው ጸሐፊ የተደወለ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አሰላሙ አለይኩም። ሴት ልጄ ሚኒሶታ በሚባል አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ዕድል አግኝታለች፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በቴሌቪዥን የማየው ሁሉ ተኩስ ነው፣ ፖሊስ እየሮጠ ነው፣ ሲሰግድ የሚታይ ሰው ካለም መጨረሻው ፈንጂ ነው። ሒጃቧን ለብሳ፣ ሶላቷን ሰግዳ መኖር ትችላለች ወይ? በአላህ ይሁንብህ፣ ሳታባብለኝ ንገረኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ ወአለይኩም ሰላም። ሳላባብል እነግርዎታለሁ።

ጠመንጃ በዚያ አገር ብዙ ነው፤ ይህን ፊልም አልፈጠረውም። እ.ኤ.አ. በ2021 በጦር መሣሪያ 48,830 ሰው ሞቷል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ፊልም እንደሚያሳየው በአደባባይ ተታኩሶ ሳይሆን፣ በገዛ እጁ ሕይወቱን ያጠፋ ነው፤ ያ ሐዘን በዝግ ቤት ውስጥ ስለሆነ ካሜራ አይሄድበትም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ የፒው የጥናት ማዕከል መጠይቅ ደግሞ፣ ከፖሊሶቹ ከመቶ 27ቱ ብቻ ናቸው ከልምምድ ውጭ፣ በሥራ ላይ ሳሉ አንድ ጊዜም ቢሆን ተኩሰን እናውቃለን ያሉት። በፊልም አንድ ፖሊስ በአንድ ምሽት የሚተኩሰውን አብዛኛው ፖሊስ በዕድሜ ልኩ አይተኩስም። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሰማሁት ተኩስ አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔም ርችት መስሎኝ ነበር።

ስለ ሃይማኖቱ፣ ፊልሙ የሚያሳየው ከሚደብቀው ያንሳል። አሜሪካውያን ከብዙ የምዕራብ አውሮፓ ሕዝቦች ይልቅ ሃይማኖተኞች ናቸው፤ እሑድ ጠዋት በሠፈሬ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ሞልቶ መንገዱ ይዘጋ ነበር። የቤዝመንቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ሳይጸልዩ ውኃ እንኳ አይጠጡም፤ ስናልፍም ሳይመርቁን አንወጣም። ሙስሊሙ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህል ነው። በዋሽንግተን ያለው ትልቁ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲመረቅ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ራሳቸው ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። ልጅዎ የምትሄድበት ሚኒሶታ ደግሞ ብዙ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ግዛት ነው፤ ትልቁ ከተማው ሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2023 አዛን በቀን አምስት ጊዜ በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ፈቅዷል። ክፉ ቃል የሚወረውር ሰው አይገጥማትም አልልዎትም፤ ሊገጥማት ይችላል። ሕጉ ግን ከእሷ ጋር ነው፤ ጎረቤቷም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ።

እንቅልፍ የሚነሳዎትን ነገር እኔ ልቀይርልዎ፦ ብርዱ። የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ የለመደ ሰው ብርድ የሚያውቅ ይመስለዋል። የሚኒሶታ ክረምት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መውረዱ የተለመደ ነው፤ በፊልም በረዶ ሲዘንብ ሰዎች ኮታቸውን ከፍተው የሚሳሳሙት ዘነበ የሚባለው በረዶ ብዙ ጊዜ ወረቀትና አረፋ ስለሆነ ነው። ካፖርቱን ከደሴ አይግዙላት፤ ገንዘቡን ይስጧትና እዚያ ትግዛ።

ጥያቄ፦ በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፣ ኮምቦልቻ። በፊልም ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀጠሮ፣ በጠበቃ ንግግርና በእንባ ያልቃል። እዚያ ቀጠሮ የለም እንዴ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቀጠሮማ ሞልቷል፤ በዚህ በኩል ባይተዋር አይሆኑም ነበር። የሚለየው ሌላ ነው፦ በአሜሪካ ጥፋተኛ ከሚባለው ሰው ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተደራድሮ፣ ቅጣቱ እንዲቀልለት ራሱ ጥፋቱን አምኖ የሚጨርስ ነው። በጠበቃው ንግግር ዓይናቸው እንባ የሚያቀርረው፣ ከተራው ሕዝብ የተመረጡት አሥራ ሁለት ፈራጆች (ጁሪ) ጉዳዩን አያዩትም። ድርድሩ የሚያልቀው በመተላለፊያ ኮሪደር ላይ፣ አንዳንዴም በስልክ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ ባለሱቅ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ናት፦ በአሜሪካ ፊልም ሰዎች ስልክ ሲዘጉ «ቻው» የማይሉት ለምንድን ነው? እኛ እንዲህ ብናደርግ እኮ ሽማግሌ ይላካል።

መልስ፦ ይላሉ፤ ፊልሙ ቆርጦት ነው። የግማሽ ሰዓት ተከታታይ ማስታወቂያው ሲወጣለት የሚቀረው ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ላይ ለሰላምታና ለስንብት የሚውል ደቂቃ ጸሐፊው የለውም። የወሎ ሰው በስልክ ከከብቱ እስከ ጎረቤቱ ድረስ ደኅንነት ጠይቆ እስኪጨርስ ድረስማ ክፍሉ ባለቀ ነበር። ስለ ስልክ ካነሡ ዘንድ፣ በፊልም የሚነገሩት ቁጥሮች በ555 የሚጀምሩት፣ ሰው ደውሎ ሌላ ሰው እንዳይበጠብጥ ከ555-0100 እስከ 555-0199 ያሉት ለልብ ወለድ ብቻ ስለተያዙ ነው።

የቤዝመንታችን ባለቤት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደረጃው ላይ ቆመው ይሰናበቱኝ ነበር፤ በሩ ላይ ይደግሙታል፤ መኪናው ጋ ደርሰው ይሠልሱታል፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው፣ በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ማሞቂያውን እንዳትነካካው!» ይሉኝና አራተኛውን ይጨምሩ ነበር።